ሳይኮሎጂ ተምሮ ሥራ መያዝ፦ ከዲፓርትመንት ምርጫ እስከ መጀመሪያው ቅጥር

ሳይኮሎጂ የሚማሩ ልጆች በብዛት የሚቸገሩት ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ስታትስቲክስና የመመረቂያ ጽሑፍ ሲመጡ ነው። ሁለተኛው ከምረቃ በኋላ ነው። «ሳይኮሎጂስት ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ ሲፈልጉ ይከርማሉ፣ አያገኙም።

ምክንያቱ አንድ ነው፤ ዝግጅቱ የሚጀመረው ዘግይቶ ነው። አካውንቲንግ የተማረ ሰው አካውንታንት ሆኖ ይቀጠራል። በሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው ግን ኬዝ ወርከር (የተቸገሩ ሰዎችን ጉዳይ በግል የሚከታተል ሠራተኛ)፣ የትምህርት ቤት አማካሪ፣ የሰው ሀብት ባለሙያ ወይም መረጃ ሰብሳቢ ሆኖ ነው የሚቀጠረው። ወደየትኛው እንደምትሄዱ ዲግሪው አይነግራችሁም። የሚወስነው እዚያው ግቢ ውስጥ እያላችሁ የሠራችሁት ነገር ነው። ከታች ያለውን በቅደም ተከተል ያዙት።

## ከመጀመራችሁ በፊት

ማን ምን እንደሆነ ለዩ። ሳይካትሪስት ሕክምና የተማረ ሐኪም ነው፤ ከዚያ በኋላ በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ ያደርጋል። መድኃኒት ማዘዝ ይችላል። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ለመሆን ቢያንስ ሁለተኛ ዲግሪና በባለሙያ ክትትል የተሠራ ልምምድ ያስፈልጋል። በሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ የያዘ ሰው በሽታ አይመረምርም፣ መድኃኒትም አያዝም። ማድመጥ፣ መደገፍ፣ ማስተማር፣ መመዝገብና ወደሚመለከተው ባለሙያ መላክ ግን ይችላል። ሥራውም ያለው እዚህ ላይ ነው። ሐሳባችሁ መድኃኒት ማዘዝ ከሆነ መንገዱ በሕክምና ትምህርት በኩል ስለሆነ ይህን መመሪያ እዚህ ላይ አቁሙት።

ሃያ የሥራ ማስታወቂያ ሰብስቡ። ኢትዮጆብስን፣ ሪፖርተር ጋዜጣን፣ የቴሌግራም የሥራ ቻናሎችን ተመልከቱ። «ሳይኮሎጂ» የሚል ቃል ያለበትን ሁሉ አስቀምጡ። ከዚያ በአንድ ወረቀት ላይ አራት ዓምድ ሥሩ፦ የመደቡ ስም፣ የሥራ ቦታው፣ የተጠየቀው ልምድ፣ የተጠየቀው ተጨማሪ ችሎታ። ወረቀቱን አትጣሉት። በየሴሚስተሩ አንዴ አውጥታችሁ «ከእነዚህ ውስጥ የትኛውን አሟላሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ማስታወቂያዎቹ አብዛኛውን ጊዜ «ሳይኮሎጂ፣ ሶሻል ወርክ፣ ሶሲዮሎጂ ወይም ተዛማጅ» እንደሚሉ ታያላችሁ። ስለዚህ ውድድሩ ከራሳችሁ ባች ጋር ብቻ አይደለም።

## ደረጃ 1፦ ፍሬሽማንን አትናቁ

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ነው። ዲፓርትመንት የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው። የምደባው ቀመር ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያል፣ የፍሬሽማን ውጤት ግን ከባድ ሚዛን አለው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተናም ይሰጣል።

1. ጄኔራል ሳይኮሎጂ የጋራ ኮርስ ነው። ሞጁሉን ለፈተና ብቻ አትቸክሉት። እያነበባችሁ ካሰለቻችሁ፣ በተለይ የማስታወስ፣ የመማርና የስብዕና ምዕራፎች ካልሳቧችሁ፣ ዲፓርትመንቱን ከመሙላታችሁ በፊት ደግማችሁ አስቡ።
2. ማቲማቲክስ ፎር ሶሻል ሳይንስን በደንብ ያዙ። «ከሒሳብ ለማምለጥ ሳይኮሎጂ ገባሁ» የሚል ልጅ በየባቹ አይጠፋም፤ ስታትስቲክስ ቆይቶ ያገኘዋል።
3. የእንግሊዝኛ ኮርሶቹን ለንባብ ፍጥነት ተጠቀሙባቸው። ቀጣዮቹ ዓመታት በእንግሊዝኛ ንባብ የተሞሉ ናቸው።

ካልተመደባችሁ፦ ሶሻል ወርክ፣ ሶሲዮሎጂ ወይም ልዩ ፍላጎት ትምህርት ከደረሳችሁ አትደንግጡ። የ«ተዛማጅ» በር ለእነሱም ክፍት ነው። ለማስለወጥ ከፈለጋችሁ ግን በመጀመሪያው ሳምንት በጽሑፍ ወደ ሬጅስትራር ሂዱ። ቀኑ ካለፈ በቃል ለምኖ መመለስ ከባድ ነው።

## ደረጃ 2፦ ኮርሶቹን እንደ ሥራ አንብቡ

ዲፓርትመንት ከገባችሁ በኋላ የዕድገት ሳይኮሎጂ፣ ሶሻል ሳይኮሎጂ፣ የስብዕና ንድፈ ሐሳቦች፣ ሳይኮፓቶሎጂ (የአእምሮ ሕመሞች ጥናት)፣ ካውንስሊንግ፣ የሥነ ልቦና ልኬት፣ የምርምር ዘዴ፣ የድርጅት ሳይኮሎጂ ይመጣሉ። ስማቸው ቢለያይም ይዘቱ ተቀራራቢ ነው።

በእያንዳንዱ ኮርስ መጨረሻ አንድ ገጽ ጻፉ። ገጹ ላይ ሦስት ነገር ብቻ ይኑር፦ ዋናዎቹ ሐሳቦች፣ በአገራችን የሚታይ አንድ ምሳሌ፣ የትኛው የሥራ መደብ ላይ እንደሚጠቅም። በአማርኛ ወይም በአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ ጻፉት። ሥራ ላይ ከእናቶች፣ ከተማሪዎችና ከተፈናቃዮች ጋር የምታወሩት በመማሪያ መጽሐፍ እንግሊዝኛ አይደለም። ገጾቹ ሲጠራቀሙ ለመውጫ ፈተናም ይሆኗችኋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሳይኮፓቶሎጂ የተማረ ሁሉ ራሱንና የዶርም ጓደኞቹን መመርመር ይጀምራል። ተዉት። በዝርዝሩ ላይ ያሉ ምልክቶች ሁሉም ሰው ላይ በመጠኑ አሉ። ባለሙያ የሚያየው ምን ያህል እንደቆዩ፣ ምን ያህል እንደበረቱና ኑሮን ምን ያህል እንዳሰናከሉ ነው። ጓደኛችሁ በእውነት ከተቸገረ ወደ ግቢው የምክር አገልግሎት ይዛችሁት ሂዱ። እናንተው አማካሪው አትሁኑ።

## ደረጃ 3፦ ስታትስቲክስን አትሽሹ

1. አሥር ቁጥር ውሰዱ። አማካዩንና ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን (ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚያሳየውን) በእጃችሁ አስሉ። ሁለት ሦስት ጊዜ አድርጉት። ይህን ሳይሠሩ ሶፍትዌር የሚከፍቱ ልጆች ውጤቱ ትርጉም የለሽ ሲሆን እንኳ አይታያቸውም።
2. የትኛው የስታትስቲክስ ፈተና ለየትኛው ጥያቄ እንደሚሆን መምረጫውን ያዙ። የሁለት ቡድን አማካይ ለማነጻጸር ቲ-ቴስት። ለሦስትና ከዚያ በላይ አኖቫ። በሁለት የቁጥር መለኪያዎች መካከል ላለ ዝምድና ኮሪሌሽን። ለምድቦች፣ ለምሳሌ ለጾታና ለ«አዎ/አይደለም» መልስ፣ ካይ-ስኩዌር። አንድን ነገር በሌሎች ለመተንበይ ሪግሬሽን።
3. ጃሞቪ የሚባለውን ሶፍትዌር ጫኑ። ነፃ ነው፣ ለመልመድም ቀላል ነው። ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የሚሸጥ የስታትስቲክስ ሶፍትዌር በብዙ ቦታ ስለሚጠየቅ የግቢው ላብራቶሪ ውስጥ ካለ እሱንም ተለማመዱ። የተሰረቀ ቅጂ ከፍላሽ የሚጭን ሰው ቫይረሱንም አብሮ ይጭናል፤ የመረጃ ፋይላችሁ የጠፋ ቀን ታስታውሱኛላችሁ።
4. ፒ-ቫልዩ (በእውነቱ ልዩነት ወይም ዝምድና ባይኖር እንዲህ ያለ ወይም የበለጠ ውጤት የመገኘት ዕድል) ከ0.05 በታች ስለሆነ ብቻ ግኝቱ ትልቅ ነው አትበሉ። ናሙናው ትልቅ ሲሆን ኢምንት ልዩነትም ከ0.05 በታች ይገባል። ምንጊዜም የልዩነቱን ወይም የዝምድናውን መጠን አብራችሁ ጻፉ።

ኮርሱን ከወደቃችሁ፦ ድጋሚ ከመውሰዳችሁ በፊት የጎደላችሁን ለዩ። ብዙውን ጊዜ ችግሩ ቀመሩ አይደለም፤ ጥያቄውን አንብቦ የትኛው የስታትስቲክስ ፈተና (ቲ-ቴስት፣ አኖቫ ወይም ሌላ) እንደሚያስፈልግ መለየት ነው። ሠላሳ ጥያቄ ሰብስቡና ሳታሰሉ የፈተናውን ስም ብቻ መልሱ።

## ደረጃ 4፦ ፕራክቲከም፣ ከተቻለም ቀድሞ በጎ ፈቃድ

የዲፓርትመንቱን ፕራክቲከም (የተግባር ልምምድ) ብቻ አትጠብቁ። በክረምት ከትምህርት ቤቶች፣ ከሕፃናት ማቆያዎች፣ እንደ መቄዶንያ ካሉ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ማዕከላት፣ ከወጣት ማዕከላት ጋር መሥራት ይቻላል። ሆስፒታል ለመግባት፣ ለምሳሌ አማኑኤልን ለመሰለ የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ የዲፓርትመንቱ የትብብር ደብዳቤ ያስፈልጋል።

1. ደብዳቤውን ከዲፓርትመንቱ ቢያንስ ከወር በፊት ጠይቁ። ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን መኖሩን አረጋግጡ።
2. መዝገብ ቤት ስታስገቡ ቅጂው ላይ የተቀበለበትን ቀን አስጽፉ። ከሳምንት በኋላ በአካል ሂዱ። በስልክ «እየታየ ነው» ይባላል፤ መታየቱ ማለቂያ የለውም።
3. የሚከታተላችሁን ሰው ስም በመጀመሪያው ቀን እወቁ። ያለ ተቆጣጣሪ ከታካሚ ጋር ብቻችሁን እንድትቀመጡ ከተደረገ እምቢ በሉ።
4. በየቀኑ ማስታወሻ ያዙ። የሰው ስም፣ ስልክ፣ ሰፈር አይግባበት። «የ14 ዓመት ልጅ፣ ሦስተኛ ቀጠሮ» ይበቃል።
5. ስትጨርሱ የማረጋገጫ ደብዳቤ ውሰዱ። ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራችሁና ምን እንደሠራችሁ በዝርዝር ይጻፍበት። «በትጋት ሠርቷል» ብቻ የሚል ደብዳቤ ለቀጣሪ ምንም አይነግርም።

ከመግባታችሁ በፊት የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታን አንብቡ። የዓለም ጤና ድርጅት ከአጋሮቹ ጋር በ2011 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያወጣው መመሪያ በነፃ ይገኛል። መሠረቱ ሦስት ነገር ነው፦ ተመልከት፣ አድምጥ፣ አገናኝ። አደጋ የደረሰበትን ሰው «የሆነውን በዝርዝር ንገረኝ» ብሎ ማስጨነቅ እዚያ ውስጥ የለም። መናገር ካልፈለገ አብራችሁት ተቀመጡ። ውሃ፣ ብርድ ልብስ፣ የቤተሰብ ስልክ መፈለግ ራሱ እርዳታ ነው።

ሁለት ነገር በጥብቅ ያዙ።

አንደኛ፣ «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡ። አንድ ሰው ራሱን ወይም ሌላ ሰው እንደሚጎዳ ከነገራችሁ፣ ወይም ሕፃን ጥቃት እየደረሰበት ከሆነ፣ በዚያው ቀን ለተቆጣጣሪያችሁ ትናገራላችሁ። ይህን ንግግሩ ሲጀመር ግለጹ። መሃል ላይ ቢነገር ክህደት ይመስላል።

ሁለተኛ፣ ጸበል። ብዙ ቤተሰብ ሆስፒታል ከመድረሱ በፊት ጸበል ሞክሯል፤ ሌላውም የሃይማኖት አባቱን ጠይቋል። አትከራከሩ፣ አታላግጡም። «ከዚህ በፊት የት የት ሄዳችሁ? ምን ረዳችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጸበሉን ተዉ አትበሉ፣ መድኃኒቱንም አቁሙ አትበሉ። መድኃኒት ተቋርጦ ከሆነ ግን ያንኑ ሰዓት ለሐኪሙ አሳውቁ።

## ደረጃ 5፦ የመመረቂያ ጽሑፍ

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ብዙው ተማሪ የሚንገዳገደው እዚህ ነው። ቃለ መጠይቅ ላይም «ምን ምርምር ሠርተሃል?» የሚለው ጥያቄ አይቀርም።

5.1 ርዕሱን አጥብቡ። «የማኅበራዊ ሚዲያ ተፅዕኖ በወጣቶች ላይ» ርዕስ አይደለም። የትኞቹ ወጣቶች? የትኛው ጠባያቸው? በምን ይለካል? ደግሞም በአንድ ጊዜ መጠይቅ በትናችሁ የሰበሰባችሁት መረጃ ተፅዕኖን አያሳይም፤ ዝምድናን ብቻ ነው የሚያሳየው። «በሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ዘንድ በእንቅልፍ ጥራትና በፈተና ጭንቀት መካከል ያለ ዝምድና» ቢሉት ይለካል፣ በአንድ ሴሚስተርም ያልቃል።

5.2 መለኪያውን ከርዕሱ በፊት ፈልጉ። ርዕስ አጽድቆ በኋላ መለኪያ ማጣት የተለመደ ጣጣ ነው። በኢትዮጵያ የተፈተሸ መለኪያ ካለ ቅድሚያ ስጡት። ለምሳሌ የድብርት ምልክቶችን የሚለካው ፒኤችኪው-9 በአገራችን ተጠንቷል። ዘጠኝ ጥያቄ አለው፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይታረማል፣ ድምሩ ከ0 እስከ 27 ነው፣ የሚጠይቀውም ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ነው። 10 እና ከዚያ በላይ በብዛት እንደ መለያ ይወሰዳል። ልብ በሉ፣ ምልክት መለየት እንጂ ምርመራ አይደለም። «42 ተማሪዎች የድብርት በሽተኛ ሆነው ተገኝተዋል» ብላችሁ ብትጽፉ ፈታኙ እዚያው ይይዛችኋል።

ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞትና ራስን ስለመጉዳት ሐሳብ ይጠይቃል። አንድ ተሳታፊ ከ0 በላይ ከመለሰ ምን ታደርጋላችሁ? መልሱ መጠይቁ ከመበተኑ በፊት ተጽፎ መቀመጥ አለበት፦ ለማን እንደሚነገር፣ ወዴት እንደሚላክ፣ በስንት ሰዓት ውስጥ። ወረቀቱን ሰብስቦ ከሳምንት በኋላ ማየት አይሆንም። ይህን ማደራጀት ካልቻላችሁ ሌላ መለኪያ ምረጡ።

5.3 ትርጉሙን በሁለት ሰው አሠሩ። አንዱ ወደ አማርኛ ይመልስ። ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው። ሁለቱን እንግሊዝኛዎች አስተያዩ። ከዚያ ለአምስት ስድስት ሰው አንብቡና «ይህ ጥያቄ ምን የሚል ይመስልሃል?» በሉ። የተጠየቀው ሰው ግራ ከተጋባ ዓረፍተ ነገሩ ይለወጥ። የጉግል ትርጉም ለጥፋችሁ አትበትኑ።

5.4 ለናሙና መጠን 384ን ዝም ብላችሁ አትቅዱ። በየግቢው ሼልፍ ላይ ያለ ጽሑፍ ሁሉ 384 ይላል። ቁጥሩ የሚመጣው ከ1.96² × 0.5 × 0.5 ÷ 0.05² ነው። በአንድ ሕዝብ ውስጥ የአንድን ነገር ስርጭት በ95 በመቶ መተማመንና በ5 በመቶ ስህተት ለመገመት የሚያገለግል ነው። 10 በመቶ ላልመለሱ ሲጨመርበት 422 ይሆናል። የምታጠኑት ሕዝብ ትንሽ ከሆነ አስተካክሉት፦ 384ን በ(1 + 384 ÷ ጠቅላላው ቁጥር) አካፍሉ። የፋኩልቲው ተማሪ 1,200 ከሆነ 291 ይበቃል፤ 10 በመቶ ሲጨመር ወደ 320። ጥናታችሁ ቃለ መጠይቅ ከሆነ ይህ ቀመር አይመለከታችሁም።

5.5 ፈቃድና ስምምነት። የሥነ ምግባር ኮሚቴውን ማጽደቂያ በጊዜ ጠይቁ። ዕድሜያቸው ከ18 በታች ከሆነ የወላጅ ፈቃድም የልጁ እሺታም ያስፈልጋል። መምህሩ ክፍሉ ውስጥ ቆሞ «ሙሉ» እያለ የተሞላ መጠይቅ በፈቃደኝነት የተሞላ አይባልም። መምህሩን በትህትና አስወጡት።

5.6 ሙከራ። ከዋናው ናሙና ውጪ ለ30 ሰው ገደማ ስጡ። ስንት ደቂቃ ወሰደ? የትኛው ጥያቄ ተዘለለ? የክሮንባክ አልፋውን (የመለኪያው ጥያቄዎች እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚጣጣሙ የሚያሳየውን ቁጥር) አስሉ፤ 0.70 እና ከዚያ በላይ በተለምዶ ተቀባይነት አለው። በጣም ከወረደ ከመደናገጣችሁ በፊት ተገልባጭ ጥያቄዎችን ተመልከቱ። የሮዘንበርግ የራስ ግምት መለኪያ ለምሳሌ ከ10 ጥያቄዎቹ 5ቱ በተቃራኒ የተጻፉ ናቸው። ከ1 እስከ 4 ከታረመ የእነዚህ የአምስቱ ነጥብ ከ5 ላይ መልሱን ቀንሶ የሚገኘው ነው። ይህን የረሳ ሰው ድምሩ ሁሉ ይበላሽበታል።

5.7 መረጃ ማስገባት። እያንዳንዱን ወረቀት ቁጥር ስጡት፤ ያው ቁጥር ኮምፒዩተሩ ላይ ይግባ። ያልተመለሰ ጥያቄን 99 ብላችሁ ከመዘገባችሁ ሶፍትዌሩ ውስጥ «የጎደለ» ብላችሁ አሳውቁ። ካላሳወቃችሁ 99 እንደ ነጥብ ይደመራል። ከገባው ውስጥ አሥር በመቶውን ከወረቀቱ ጋር አመሳክሩ። ፋይሉን ሦስት ቦታ አስቀምጡ፣ አንዱ ኢሜይላችሁ ይሁን። ስልክ ወይም ታብሌት ካለ ኮቦ ቱልቦክስ የሚባለው የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ ይህን ድካም ያቀልላል። ድርጅቶችም ስለሚጠቀሙበት ለሲቪያችሁ ይጠቅማል።

5.8 ሰው ቀጥራችሁ አታጽፉ። ከየግቢው በር ላይ «ፕሮፖዛልና ቴሲስ እንሠራለን» የሚሉ ቤቶች አሉ። ሲመቻቸው ያንኑ ፋይል ርዕስ ቀይረው ለሦስት ሰው ይሸጣሉ። ዲፌንስ ላይ፣ ጽሑፉ በፈታኞች ፊት ሲቀርብ፣ መያዙ አንድ ነገር ነው። ትልቁ ኪሳራ ግን መረጃ ሰብስቦ የመተንተን ችሎታ ሳይኖራችሁ መመረቃችሁ ነው፤ በዚህ ዲግሪ መጀመሪያ እንጀራ የሚሆነው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

አድቫይዘር ካልተገኘ፦ ጥያቄያችሁን በአንድ ገጽ፣ «ይህን ወይስ ያንን?» በሚል መልክ ጽፋችሁ በኢሜይል ላኩ። «መጥቼ ነበር፣ አልነበሩም» አያስኬድም። ሁለት ሳምንት ዝም ከተባለ ቀኖቹን ዘርዝራችሁ ለዲፓርትመንት ኃላፊው በጨዋነት አሳውቁ።

## ደረጃ 6፦ የመውጫ ፈተና

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ኤግዚት ሳያልፉ ዲግሪ የለም። ማለፊያው 50 በመቶ ነው፤ ጥያቄዎቹ ምርጫ ናቸው፣ ፈተናው በኮምፒዩተር ይሰጣል።

ብሉፕሪንቱን ከዲፓርትመንቱ ውሰዱ። የትኞቹ ኮርሶች እንደሚካተቱ ይዘረዝራል። ከእሱ ውጪ ያለውን አታንብቡ። በየኮርሱ የጻፋችኋቸውን አንድ አንድ ገጾች አውጡ። ሞዴል ፈተና ስትሠሩ የተሳሳታችሁትን ብቻ የሚይዝ ደብተር ይኑራችሁ። «ይህ የዘንድሮው ፈተና ነው» ብሎ በቴሌግራም ለሚሸጥ ሰው ብር አትላኩ።

ከወደቃችሁ ድጋሚ መፈተን ይቻላል። ምዝገባው መቼ እንደሚከፈት ከሬጅስትራር በየሳምንቱ ጠይቁ። እስከዚያው ሥራ አትፍቱ፤ በጎ ፈቃዱና መረጃ መሰብሰቡ ዲግሪ አይጠብቅም።

## ደረጃ 7፦ ወረቀታችሁን አጥሩ

1. የስማችሁ እንግሊዝኛ አጻጻፍ በ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬት፣ በትራንስክሪፕት፣ በፋይዳና በፓስፖርት አንድ ዓይነት መሆኑን ሳትመረቁ አረጋግጡ። ከምረቃ በኋላ ማስተካከል ወራት ይበላል።
2. ቴምፖ (ጊዜያዊ የዲግሪ ማስረጃ) እና ስቱደንት ኮፒ (ለተማሪው የሚሰጥ የውጤት ወረቀት) እንደወጡ በስልክ ሳይሆን በስካነር ፒዲኤፍ አድርጉ።
3. የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ የወጪ መጋራት ውላችሁን ቅጂ ያዙ። ዋናውን ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ስትጠይቁ ይፈለጋል።

## ደረጃ 8፦ ሥራ ፍለጋ

በሮቹ በዋናነት አራት ናቸው።

እርዳታ ድርጅቶች። ኬዝ ወርከር፣ የሥነ ልቦናና ማኅበራዊ ድጋፍ ኦፊሰር፣ የሕፃናት ጥበቃ፣ የፆታዊ ጥቃት ምላሽ። ሥራው በብዛት ያለው ስደተኞችና ተፈናቃዮች ባሉበት ነው፤ ጋምቤላ፣ አሶሳ፣ ጅግጅጋ፣ ሰመራ፣ ትግራይና አማራ ክልል። የአካባቢውን ቋንቋ የሚችል ሰው ውጤቱ ከፍ ካለው ተወዳዳሪ ሊቀድም ይችላል። ያለ ልምድ አዲስ አበባ ላይ ብቻ የሚፈልግ ሰው ረጅም ጊዜ ይጠብቃል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ለመጀመሪያው ዓመት ውጡ። የጸጥታውን ሁኔታ ግን ከማመልከታችሁ በፊት እዚያ ከሚሠራ ሰው ጠይቁ።

ትምህርት ቤቶች። የግል ትምህርት ቤቶች አማካሪ ይቀጥራሉ። ስትቀጠሩ የሥራ ዝርዝሩን በጽሑፍ ጠይቁ። ካልጠየቃችሁ አማካሪ ተብላችሁ ገብታችሁ በር ላይ አርፋጅ መዝጋቢ ትሆናላችሁ።

መንግሥት። የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች፣ ማረሚያ ቤቶች፣ ዩኒቨርሲቲዎች። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ረዳት ምሩቅ (ጀማሪ መምህር) ሆኖ ለመቅረት ውጤት ወሳኝ ነው።

ባንኮችና ኩባንያዎች። የሰው ሀብት ክፍል። የድርጅት ሳይኮሎጂና የልኬት ኮርሶች እዚህ ይነሳሉ። ኤክሴል በደንብ ካልቻላችሁ አትሂዱ።

ሲቪ ላይ «ታታሪ ነኝ» አትበሉ። «ለ291 ተማሪዎች መጠይቅ በትኜ፣ በጃሞቪ ተንትኛለሁ» በሉ፤ የሠራችሁትን ብቻ። ከሁለት ገጽ አይለፍ።

ቃለ መጠይቅ ላይ የተለመደው ጥያቄ ሁኔታ ሰጥቶ ነው፦ «የ13 ዓመት ልጅ መጥታ ቤት ውስጥ እየተጎዳሁ ነው ብትልሽ ምን ታደርጊያለሽ?» መልሱ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ አሁን ደኅንነቷ እንዴት ነው? ከዚያ ሳያቋርጡና ሳይመረምሩ ማድመጥ። ከዚያ የሚስጥር ወሰኑን መግለጽ። ከዚያ በድርጅቱ አሠራር መሠረት በዚያው ቀን ማሳወቅና ወደሚመለከተው መላክ። በመጨረሻ መመዝገብና መከታተል። «ወላጆቿን ጠርቼ አስታርቃለሁ» ያለ ሰው እዚያው ወድቋል፤ ጎጂው ማን እንደሆነ ገና አልታወቀም።

ማስጠንቀቂያ፦ ለማመልከት ወይም «ለፕሮሰስ» ገንዘብ የሚጠይቅ ቀጣሪ አጭበርባሪ ነው። በቲክቶክና በቴሌግራም «የሥነ ልቦና ባለሙያ» ብላችሁ ምክር መሸጥም አትጀምሩ። አንድ ከባድ ችግር ያለበት ሰው ቢመጣ የምትልኩበት ቦታ፣ የሚቆጣጠራችሁም ሰው የለም።

ከመጀመሪያው ሥራ ስትለቁ የልምድ ደብዳቤያችሁ የመደቡን ስም፣ ቀኑን፣ ደመወዙንና የሥራ ግብር መከፈሉን ይጥቀስ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የግብሩን ነገር ካላየ ልምዱን ላይቆጥርላችሁ ይችላል።

## ደረጃ 9፦ ሁለተኛ ዲግሪና ውጭ አገር

ክሊኒካል፣ ካውንስሊንግ፣ ሶሻል፣ የዕድገት፣ ልኬትና ምዘና እያለ ይከፋፈላል። ስትመርጡ አንድ ነገር ጠይቁ፦ በተቆጣጣሪ ሥር ከሰው ጋር የሚሠራ ልምምድ ምን ያህል አለው? ምክር መስጠት ለሚፈልግ ሰው ከፕሮግራሙ ስም ይልቅ ይህ ይበልጣል። ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናን ከምዝገባው በፊት ተለማመዱ፤ የቁጥርና የቋንቋ ክፍሎቹ የዲፓርትመንት ትምህርት አይደሉም።

አሜሪካ ያላችሁ፦ ትራንስክሪፕታችሁን በምዘና ድርጅት አስገምግሙ። ሬጅስትራሩ አሽጎ በቀጥታ እንዲልክ ስለሚጠየቅ አገር ቤት የሚከታተል ሰው አዘጋጁ። እዚያ «ሳይኮሎጂስት» ለመባል አብዛኛው ስቴት ዶክትሬትና ፈቃድ ይጠይቃል። አጠር ያለው መንገድ በሶሻል ወርክ ማስተርስ ሠርቶ ወደ ፈቃድ መሄድ ነው። ቶሎ ሥራ ለመጀመር የሚፈልግ ደግሞ ከኦቲዝም ልጆች ጋር የሚሠራውን የባህሪ ቴክኒሻንነት ይመልከት፤ 40 ሰዓት ሥልጠና፣ የተግባር ምዘና፣ ፈተናና የወንጀል ማጣሪያ አለው፣ ዲግሪም አይጠይቅም።

## ስድስት ወር ካለፈና ሥራ ከሌለ

- ጥሪ ጭራሽ ካልመጣ ችግሩ ሲቪው ነው። ለእያንዳንዱ ማስታወቂያ ለብቻ አስተካክሉት፤ የማስታወቂያውን ቃላት ተጠቀሙ።
- የጽሑፍ ፈተና ላይ ከቀራችሁ የኬዝ አያያዝ ቅደም ተከተልንና ሪፖርት አጻጻፍን ተለማመዱ።
- ቃለ መጠይቅ ላይ ከቀራችሁ ጓደኛ ይጠይቃችሁ፣ በስልክ ቅዱትና አዳምጡት።
- ሁሉም ማስታወቂያ «2 ዓመት ልምድ» የሚል ከሆነ በአጭር ውል የጥናት መረጃ ሰብሳቢ ሁኑ። ዩኒቨርሲቲዎችና የጥናት ድርጅቶች ለሳምንታት ሰው ይቀጥራሉ። ለእያንዳንዱ ውል፣ የአምስት ቀን ቢሆንም፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ሳትይዙ አትውጡ።